ያማረበት ልጅ

ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ሰፈሩ የሚጠራው «ሚሊሜትር» ብሎ ነው። ልብስ ሰፊ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንድ መስኮት ሥር፣ አንድ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ ኖሯል። ቅጽል ስሙ የወጣለት፣ ደንበኛው «ይበቃል፣ ጥሩ ነው» እያለ ሲለምነው እሱ «ቆይ፣ ግማሽ ሴንቲ ትቀረዋለች» እያለ መልሶ ስለሚያወልቀው ነው። አንዱ ሙሽራ ለአምስተኛ ጊዜ ሲለካ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ጌታው፣ እርስዎ እስኪጨርሱ ሙሽራዋ የልጅ ልጅ ታያለች» ብሎታል ይባላል።

ሚሊሜትር ሰው የሚያስታውሰው በፊቱ ሳይሆን በልኩ ነው። መንገድ ላይ ሰላም የሚለውን ሰው ስሙ ይጠፋበትና «ግራ ትከሻው ዝቅ ያለው፣ ሱሪው በቀኝ በኩል የሚረዝመው» ብሎ ያገኘዋል። የታመመውን ከሐኪም ቀድሞ፣ ያረገዘችውን ከአማቷ ቀድሞ ያውቃል። ግን ትንፍሽ አይልም። «ሜትር የሚንጠለጠለው አንገት ላይ ነው፤ ምላስ ላይ ካንጠለጠልከው ደንበኛ የለህም» ይላል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ የገዛ ልጁን ነገር ጆሮው የሰማው ከሰፈር ሁሉ በኋላ ነበር። እጁ ግን ቀድሞ ያውቅ ነበር።

አንድ ልጅ ነው ያለው። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። የአሉሚኒየም መስኮት የሚገጥም ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር፤ የዛሬ አራት ዓመት ከመሰላል ወድቆ የአንገት አጥንቱ ተሰበረ። ለሕመሙ ማስታገሻ እንክብል ታዘዘለት። አጥንቱ በሁለት ወር ገጠመ፤ እንክብሉ ግን ከእሱ ጋር ቀረ። ሐኪሙ ሲከለክለው ከሰው ገዛ፤ ከሰው የሚገዛው ሲያንስበት ወደ መርፌ ሄደ። ወላጆቹ በመጀመሪያው ዓመት «ሕመሙ ነው» አሉ። በሁለተኛው «ጓደኛ ነው ያበላሸው» አሉ። በሦስተኛው ምንም አላሉም።

ሚሊሜትር በየዓመቱ ለልጁ ሁለት ሸሚዝና ሁለት ሱሪ ይሰፋለት ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያልተቋረጠ ልማድ ነው። ሲለካው ቁጥሩን ቡናማ ሽፋን ባለው የልክ ደብተሩ ይጽፋል። ልጁ ከመውደቁ በፊት አንገቱ ሠላሳ ዘጠኝ ነበር። ከዚያ ሠላሳ ስምንት፣ ከዚያ ሠላሳ ሰባት፣ ከዚያ ሠላሳ አምስት ተኩል ሆነ። ሆድ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ የበላና የጾመ ሰው ሆድ አንድ አይደለም። አንገት ግን በዋዛ አይቀንስም። ይህን ከሚሊሜትር የተሻለ የሚያውቅ የለም። ጻፈው፣ ደብተሩን ዘጋው፣ የሚያውቀውን ሥራ መሥራት ጀመረ፤ ማጥበብ።

በማጥበብ ብቻ አልቆመም። ደረቱ እንዳይረግብ ወፈር ያለ ገበር ከሥር አስገባ። ትከሻው ሥር ጥጥ ደረበ። የሱሪውን መቀመጫ አነሳ፣ ኮሌታውን ዝቅ አደረገ። አንድ ቀን ልጁ መሬት መሬት እያየ፣ «አባዬ፣ እጅጌውን ትንሽ አርዝመው» አለው። አረዘመው። ደንበኛ እጅጌ አርዝም ሲል ለምን አይባልም።

አንድ ነገር ግን አላደረገም። ካጠበበው ልብስ ሁሉ ትርፉን ጨርቅ አንዴም ቆርጦ አልጣለም። አጥፎ ወደ ውስጥ ይሰፋዋል። አንድ ቀን ይወፍር ይሆናል ብሎ ነው።

እጁም አላሳፈረው። ልጁ ወደ ውጭ ሲወጣ የሰፈሩ ሰው «ልጅህ አማረበት» ይለዋል። በተለይ መታጠፊያው ላይ ሽንኩርትና ድንች የምትሸጠው ሴት ባየችው ቁጥር «አማረበት! እጅህ ይባረክ» ትለው ነበር። ሚሊሜትር ይህችን ቃል እንደ እህል በላት። በእሷ ብቻ የዋለበት ቀን አለ።

ሚስቱ ግን ከጨርቁ ሥር ያለውን ታየዋለች። ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ አትወጣም፤ እቤት ውስጥ ከልጁ ጋር ስትውል የሚጠፋው ዕቃ፣ የሚቆለፈው ቁምሳጥን፣ መታጠቢያ ቤት ገብቶ የሚቆይበት ሰዓት የእሷ ነው። ከልጇ ጋር መነጋገር ካቆመች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። የሆነው እንዲህ ነው። ልጁ አንድ ቀን እግሯ ላይ ተደፍቶ፣ «እማዬ ትሙት፣ ከዛሬ በኋላ አልነካውም» ብሎ ማለላት። ስድስት ቀን ቆየ። በሰባተኛው ቀን ስታገኘው አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «በሞቴ ምሎ ከዳኝ። እንግዲህ ሞቻለሁ። የሞተ ሰው ደግሞ አያወራም» አለች። ከዚያ ወዲህ ለልጇ የምትለውን ሁሉ የምትለው በባሏ በኩል ነው።

«ለልጅህ ንገረው፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው።»

ልጁ ከእሷ አንድ ክንድ ርቆ ተቀምጧል። «እማዬ፣ እሰማለሁ እኮ።»

«ለልጅህ ንገረው፣ ከሰማ ይብላ።»

«ብላ ትልሃለች» ይላል ሚሊሜትር ማንኪያውን ሳያስቀምጥ። አስተርጓሚነቱን ለምዶታል።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ልጁ ስፌት ቤቱ መጣ። የካውያው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ፣ በተጣጠፉ ሱሪዎች መካከል ተቀመጠ። የስፌት መኪናው ሲቆም፣

«አባዬ፣ ደከመኝ» አለ።

«ቤት ሂድና ተኛ።»

«እንቅልፍ አይደለም።» የጨርቅ ቁራጭ አንስቶ ክሩን መምዘዝ ጀመረ። «ያ ቤት… አውቶቡሱ መጨረሻ ላይ ያለው። ውሰደኝ።»

ሚሊሜትር ፊቱ ላይ ምንም እንዳይታይ ክር ለመበጠስ አጎነበሰ። በዚያው ቀን ስልክ ደወለ። ቤቱ የሱስ ማገገሚያ ነው፤ ለወንዶች ስምንት አልጋ ብቻ አለው። ለቃለ መጠይቅ ቀጠሮ የተሰጣቸው ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት ነበር።

ሰባት ሳምንት ረጅም ነው። ልጁን ያንን ያህል ጊዜ በአንድ ሐሳብ ላይ ማቆየት ውኃን በመዳፍ ይዞ ሽቅብ መውጣት ነው። በየጠዋቱ «እስከ ሐሙስ» ይባባላሉ፤ ገና ስድስት ሐሙስ እያለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሚሊሜትር ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ ኮት ሰፋለት። ጥቁር ሰማያዊ፣ ሁለት ቁልፍ ያለው። ሥራውን የሚጋራው ማንም አልነበረም፤ የቁልፉን ቀዳዳ እንኳ በገዛ እጁ ሠራው፣ ቁልፍ የምትተክልለት እትዬ ቁልፍ እንዳትጠይቀው። በዋዜማው፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ለካው።

«ቀጥ በል።»

«ቀጥ ብያለሁ።»

«ይሄ ነው ቀጥ? እንደ ጥያቄ ምልክት ነው የቆምከው።»

ልጁ ፈገግ አለ። ካለ ብዙ ጊዜው ነው። «አባዬ፣ ታማሚ ነኝ ለማለት ኮት ምን ያደርጋል?»

«ሰው ፊት ነው የምትቀርበው። የሰው ልጅ መሆንህን ይዩ።»

ይህን እያለ ሜትሩን በብብቱ ሥር አዙሮ ሲያመጣ ጣቶቹ ጎድን ከጎድን እየቆጠሩ ወረዱ። ቁጥሩን አየው። ደብተሩ ላይ አልጻፈውም። ከበስተጀርባ ግማሽ ሴንቲ ወሰደ፣ ገበሩን ደረበ፣ በካውያ ተኮሰው። ኮቱ ቆመ። ኮቱ ውስጥ ያለው ልጅም የቆመ መሰለ።

ሐሙስ ኮሪደሩ ጢም ብሎ ነበር። ቃለ መጠይቁ የሚመራው ሰፋ ባለች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ባንጠለጠለች ነርስ ነው፤ ሁሉም «ሲስተር» ይላታል። ለአንድ ሰው ያላት አሥር ደቂቃ ነው። ሚዛንና ምርመራው የገባ ሰው የሚያየው ነው እንጂ የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ብቻ ነው። ልጁን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ክብደት ቀንሰሃል?»

«ትንሽ» አለ ልጁ።

«ድሮም ቀጭን ነው» አለ ሚሊሜትር ቀደም ብሎ። «እኔን ነው የመሰለው።»

ሲስተር ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጦ የሠራ ሰው ያበቀለውን ቦርጭ አንዴ አየችውና ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። «መርፌስ?»

«አልፎ አልፎ። አሁን እንኳን ቀንሻለሁ።»

«አባት፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ሰባት ሳምንት የጠበቃት ጥያቄ ይህች ነበረች። የሚላትን አውቶቡስ ውስጥ ሲያጠና ነው የመጣው። አፉን ሲከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው። «ልጄ ጨዋ ነው ሲስተር። ጓደኛ ነው እንጂ… ሥራውንም እየሠራ ነው።»

ሥራውን ካጣ ዓመት ተኩል ሆኖታል። ሚሊሜትር ለምን እንዲህ እንዳለ ሲያስበው፣ ከሩቅ ዘመድ ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ የሚለውን ነው ያለው። አፉ መንገዱን ስለሚያውቅ ብቻውን ሄደ።

ሲስተር ወረቀቱን ከሁለቱ ክምር ወፍራሙ ላይ አስቀመጠችው። «ከባሰባቸው ነው የምንጀምረው። እሱ ደህና ላይ ነው ያለው፤ ራሱን ይጠብቃል። እስከዚያ ማክሰኞ ማክሰኞ ለምክር ይምጣ። ለአልጋ በአራት ወር ተመለሱ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ልጁ ወደ መስኮቱ ዞሮ ተቀመጠ። ሚሊሜትር ፊቱን በመስተዋቱ ነጸብራቅ አየው፤ የተፈረደለት ሰው ፊት ነበር። «አየህ አባዬ» አለ ልጁ። «ደህና ነህ አለችኝ።» ከሁለት ፌርማታ በኋላ ተነሳና «መጣሁ» ብሎ ወረደ። መጣሁ ያለ ሰው ሦስት ቀን አልመጣም።

በማግስቱ ዓርብ ሚሊሜትር መኪናው ላይ ተቀምጦ አንድ የሱሪ እግር ሁለት ጊዜ ለአንድ ወገን ሰፋ። ይህን ያየችው እትዬ ቁልፍ ናት። ስድሳን ያለፈች፣ የመነጽሯን እጀታ በክር ያሰረች፣ ለእሱና ለሌሎች ሦስት ሰፊዎች ቁልፍ የምትተክል፣ የቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራ ሴት ናት። አሥራ ስምንት ዓመት በአንድ መስኮት ብርሃን ሠርተዋል። ስለ ልጁ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም፤ እሷ ታውቃለች፣ ማወቋን እሱም ያውቃል።

«ሚሊሜትር፣ ይሄ ደንበኛ እግሩ ሁለቱም ግራ ነው እንዴ?»

ሱሪውን አየው። ከዚያ እጁን መኪናው ላይ አሳርፎ ነገራት። ከመሰላሉ ጀምሮ እስከ ሐሙስ። ሲጨርስ እትዬ ቁልፍ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካችና፣

«ምን አልብሰህ ነው የወሰድከው?» አለችው።

«ኮት።»

«የቱን ኮት?»

«አዲስ ሰፋሁለት።»

እትዬ ቁልፍ ሳቀች። ሳቋ ደስታ አልነበረበትም። «አንተ ሰውዬ፣ ልትድረው ነው ወይስ ልታሳክመው? እኔ ጥርሴን ሳስነቅል እንኳን አፌን ከፍቼ ነው የሄድኩት።»

«ሰው ፊት ነው ብዬ…»

«ሰው ፊት! አራት ዓመት ሰው ፊት ስታቆመው ከረምክ። እኛ ደግሞ አማረበት፣ አማረበት እያልን ስናጅብህ ከረምን። እኔም ብዬሃለሁ፤ ምላሴን ይቁረጠው።» መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ወንድሜ። አንተ ደግሞ እጅህ ጥሩ ስለሆነ ከሐኪም እንኳን መደበቅ ቻልክ» አለች።

ሚሊሜትር የልክ ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣና የልጁን ገጽ ገልጦ ሰጣት። ፊደል ብዙም ባታነብ ቁጥር ታነባለች። ጣቷን ከላይ ወደ ታች፣ ከሠላሳ ዘጠኝ ወደ ሠላሳ አምስት ተኩል አወረደችና ደብተሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ቀኑን ሙሉ አልቀለደችም።

ቅዳሜ ሚሊሜትር ሥራ አልሄደም። የልጁን ልብሶች ከቁምሳጥኑ አውጥቶ አልጋ ላይ ዘረጋ። አራት ዓመት የለበሳቸውን ሸሚዞች፣ ሱሪዎች ሁሉ። ምላጭ ይዞ መስኮቱ ሥር ተቀመጠና ከመጀመሪያው ሱሪ ወገብ ጀመረ። ክሩ ጥሩ ክር ነበር፤ እየታገለ ነው የወጣው። ሚስቱ በበሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እየተረተርኩ።»

«ምኑን?»

«የሰፋሁትን።»

አላስረዳትም፤ ስለደከመው ነው። እሷም ቆማ ጥቂት ካየች በኋላ ወንበር ጎትታ፣ ጉልበቷን በእጇ ደግፋ ተቀመጠች። አንድ ሸሚዝ አንስታ ጎኑን ፈለገች። «ከየት ነው የሚጀመረው?» አለች። አሳያት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሁለቱ ያለ ወሬ ሲተረትሩ ዋሉ። የታጠፈው ጨርቅ ሲዘረጋ ውስጡ ያለፀሐይ የኖረ ስለነበር ከውጪው ይደምቃል፤ በየጎኑ እንደ ጠባሳ ሰንበር ወጣ። ጥጡን አወጡ፣ ገበሩን ላጡ። አንዱን ሸሚዝ ጨርሳ ከፍ አድርጋ በብርሃን ያየችው ሚስቱ፣ «ይሄን ሁሉ ያህል ነበር?» አለች። ሚሊሜትር «ነበር» አለ።

ልጁ እሑድ ረፋዱ ላይ መጣ። ኮቱ የለም። ማንም የት ገባ አላለውም። እናቱ ውኃ አሞቀች፣ ፎጣ ወንበር ላይ አኖረች፣ «ለልጅህ ንገረው፣ ውኃው ሞቋል» አለች። ታጠበና እስከ ማግስቱ ጠዋት ተኛ።

ሰኞ ከእንቅልፉ ሲነሳ ወንበሩ ላይ አንድ ሸሚዝና አንድ ሱሪ ብቻ ተቀምጦ አገኘ። ለበሰው። ሱሪውን በእጁ ይዞ፣ የቁምሳጥኑ መስተዋት ፊት ቆመ። ሚሊሜትር በር ላይ ነበር።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ልጁ።

«ያንተ።»

«የኔ አይደለም።»

«የዛሬ አራት ዓመት ሰፍቼልህ ነው። የወደቅህ ቀን ይሄን ሱሪ ነበር የለበስከው።»

ልጁ ከኮሌታው ውስጥ የቆመውን አንገቱን አየ። ሁለት ጣቱን በኮሌታውና በአንገቱ መካከል አስገባ፤ ከዚያ አራቱን። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ድምፁ ሲመጣ እንደ ሕፃን ሆኖ መጣ። «አባዬ፣ እንዲህ ሆኜ መንገድ አልወጣም።»

«እኔም አላወጣህም ነበር» አለ ሚሊሜትር። «ያጠፋሁት እሱን ነው። ሐሙስ ዕለት ያልገባኸው በኔ ነው። ዛሬ ቀጠሮ የለንም፤ ግን ሄደን እንዲያዩህ እፈልጋለሁ። እንቢ ካልክ ደግሞ… እንቢ ካልክ የማደርገውን አላውቅም፤ ሌላ የቀረኝ ነገር የለም።»

ከሳሎን የእናቱ ድምፅ መጣ። «ለልጅህ ንገረው፣ ካልሲና የውስጥ ልብስ ቦርሳው ውስጥ ከታች ነው። ሹራቡ ከላይ ነው። ሌሊት ይበርዳል።»

ልጁ ተነሳ። ሚሊሜትር ቀበቶውን ከወገቡ ፈትቶ ሰጠው፤ በምላጭ ሁለት ቀዳዳ መጨመር አስፈለገ።

በሰፈሩ መንገድ አለፉ። ወሬ የሚያወሩት ወሬያቸውን አቆሙ። መታጠፊያው ላይ ያለችው ሴት ቀና ብላ አየቻቸው፣ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ የተደረደረውን ሽንኩርት እንደገና መደርደር ጀመረች። ሚሊሜትር የልጁን ክርን ያዘ። ሸሚዙ ውስጥ ክርኑን ለማግኘት መፈለግ ነበረበት።

ሲስተር በሩ ላይ አገኘቻቸው። ቀጠሮ የሌለው አይገባም ልትል አፏን ስትከፍት ልጁን አየችው። መነጽሯን አደረገች።

«ሐሙስ ዕለት ኮት ለብሶ የመጣው ነው?»

«ነው» አለ ሚሊሜትር።

«በአራት ቀን እንዲህ ሆነ?»

«በአራት ዓመት ነው የሆነው። ያልኩዎት ውሸት ነው ሲስተር። ሥራ ካጣ ዓመት ተኩል አልፎታል። መርፌውም በየቀኑ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እየሰፋሁ ሸፈንኩት። ልማድ ሆኖብኝ ነው።» አንድ ትንፋሽ ሆኖ ወጣለት።

ሲስተር ወደ ልጁ ዞረች። «አባትህ ያለው ነው?»

ልጁ የግራ እጅጌውን ያዘ። እጅጌው ሰፊ ስለነበር አንዴ ሳብ ሲያደርገው ያለ ችግር እስከ ክርኑ ወጣ። ሚሊሜትር እጁን አየው። ያንን እጅ ለመሸፈን ስንት ጨርቅ እንደቆረጠ ያውቃል፤ አይቶት ግን አያውቅም ነበር። ዓይኑን አላነሳም።

«እሺ» አለች ሲስተር። «እሺ፣ መልሰው።» ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። «አልጋ የለኝም። እውነቱን ነው የምነግራችሁ። አንድ ልጅ ቅዳሜ ወጥቷል፤ ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል፣ ዛሬ ጠዋት መግባት ነበረበት። እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቀዋለሁ። ካልመጣ ለእናንተ ነው። ከመጣ የእሱ ነው።»

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። የብረቱ በር በተንቋቋ ቁጥር ሁለቱም አብረው ቀና ይላሉ። ውኃ የሚያደርስ ሰው ገባ፤ የጽዳት ሠራተኛ ወጣች። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት የአንድ ወጣት እጅ ይዛ ገባች፤ ሚሊሜትር ብድግ አለ። ዳቦ ይዘው የመጡ ጠያቂዎች ናቸው። እፎይ አለ፤ እፎይታው ውስጥ ያለውን ነገር ሲያየው ደግሞ አፈረ። አንድ የማያውቀው ልጅ፣ ምናልባት በዚህ ሰዓት አባቱ በር ላይ ቆሞ የሚለምነው ልጅ፣ እንዳይመጣ ነው የሚመኘው። እንደዚህ ያለ ምኞት አለኝ ብሎ አስቦ አያውቅም። ግን አልተወውም። መመኘቱን ቀጠለ።

ልጁ ላብ አጥምቆት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሹራቡን አለበሰው።

«አባዬ።»

«አቤት።»

«ብገባ እጨርሰዋለሁ። እማዬ ት—»

«ተው» አለ ሚሊሜትር። «እሷን ተዋት።»

ልጁ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ጉልበቶቹ መካከል ከተተው። ሚሊሜትር እጁን ጀርባው ላይ አኖረ። አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ተኩል ሆነ። አንድ ጊዜ ልጁ ተነሳና ወደ በሩ ሦስት አራት እርምጃ ሄደ። ሚሊሜትር አልተነሳም፤ ቢነሳ የሚሮጥ መሰለው። ልጁ በሩን እያየ ቆየ፣ ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ።

ከስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲያልፍ ሲስተር ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ መስኮት ላይ ታየች። ደጋግማ ደወለች። የሚያነሳ አልነበረም። ወጣችና «ግባ» አለች ለልጁ።

ሚሊሜትር አብሮ ሲነሳ በእጇ አቆመችው። «እርስዎ እዚህ ይበቃዎታል። ለሁለት ሳምንት ጠያቂ አንፈቅድም። አንድ ነገር ደግሞ ይወቁልኝ፤ በራችን አይቆለፍም። መውጣት የፈለገ በማንኛውም ሰዓት ይወጣል። የወጣ ግን አይመለስም። ብዙዎቹ የሚወጡት በመጀመሪያው ቀን ነው፤ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።»

ልጁ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ በሌላ እጁ ወገቡ ላይ ያለውን ቀበቶ ይዞ ቆመ። «አባዬ፣ ቀበቶህን…»

«ቤት ሌላ አለኝ።»

የለውም። ልጁ ገባ።

ከግቢው ፊት ለፊት፣ መንገዱ ማዶ፣ የአውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ነው። ሚሊሜትር ሱሪውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ፣ ከብረቱ በር ትይዩ ተቀመጠ። የመጀመሪያው አውቶቡስ መጣ፣ ተራገፈ፣ ሞልቶ ሄደ። አልተሳፈረም። ከመጀመሪያው ቀን ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳ አልሄደም። ሁለተኛው መጣና ሄደ። በሩ አንድ ጊዜ ተከፈተ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ቆሻሻ ደፍታ ተመለሰች። ፀሐዩ ከፊቱ ወደ ጎኑ ዞረ። ሚስቱ እንደምትጠብቀው ያውቃል፤ ስልኩን አወጣና «ገብቷል» ብሎ ነገራት፤ «አሁንስ?» ስትለው «አሁንም እዚያው ነው» አላት። ከዚያ በኋላም ስልኩን ቶሎ አልዘጉትም።

ሦስተኛውን አውቶቡስ አሳለፈ። አራተኛው ሲመጣ ሾፌሩ፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው፣ በሩን ከፍቶ አየው።

«አባት፣ ቅድምም እዚሁ ነበሩ። ሰው ነው የሚጠብቁት?»

ሚሊሜትር የብረቱን በር አየ። «እንዳይመጣ ነው የምጠብቀው» አለ።

ሾፌሩ ወደ በሩ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ በዚህ መስመር ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነው። «ቢጠብቁትም ባይጠብቁትም በሩ አንድ ነው» አለ። «ይግቡና ይቀመጡ፤ እግርዎ ይረፍ።»

ሚሊሜትር ተነሳ። ግቢው በሚታይበት በኩል፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። አውቶቡሱ ዞሮ ቁልቁለቱን ሲጀምር አንገቱን መልሶ እስኪደክመው አየ። በሩ እንደተዘጋ ነበር። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ጭንቅላቱ መስተዋቱ ላይ ወድቆ ተኝቶ ነበር፤ ሾፌሩም የሚወርድበትን ስላላወቀ አልቀሰቀሰውም።